ከአዲሱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ጋር 9 ወር

መጽሐፉ ባህር ዳር የገባው በአክስቴ ልጅ ሻንጣ፣ በሕፃን ልብስ ተጠቅልሎ ነው። «ይሄን ድንጋይ ነው ያሸከምከኝ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። 384 ገጽ፣ ጠንካራ ሽፋን። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የ«ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተጫዋቾች መጽሐፍ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይዘው ይገቡበታል። አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ጨዋታው ከ1974 ጀምሮ አለ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እኔ 15 ዓመት ተጫውቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአጫዋችነት።

ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሆነን ከጣና ብዙም በማይርቅ በረንዳ ላይ እንገናኛለን። ቡና ይፈላል። መብራት ከጠፋ ሻማ እናበራለን፤ ድራጎን ያለበት ጨዋታ እንዲያውም በሻማ ያምራል። ከስልክ ይልቅ ወረቀት የምመርጠውም ለዚህ ነው። መጽሐፍ ቻርጅ አይጨርስም።

ከጥሩው ልጀምር። ድሮ «መደበቅ እንዴት ነበር?» ሲባል መጽሐፉን ወዲያና ወዲህ ስገልጥ ቡናው ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ከኋላ በፊደል ተራ የተደረደረ የደንብ መፍቻ አለ፤ አንዴ ገልጦ መጨረስ ነው። ጦረኛ የሚባለው የገጸ ባህርይ ዓይነትም «እመታለሁ» ከማለት ወጥቷል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ብልሃት አለው። ለምሳሌ ዱላ የመታውን ሰው መሬት ላይ ሊዘርር ይችላል። ይህን ለጎጃም ሰው ለማስረዳት መጽሐፍ ባያስፈልግም።

ባርድ የሚሉትን ዘፋኝ ገጸ ባህርይ እኛ አዝማሪ እንለዋለን። ጠላትን በስድብ ብቻ የሚያቆስልበት ድግምት አለው። በቀድሞው፣ በ2014ቱ እትም ጉዳቱ የሚለካው በባለ 4 ገጽ ዳይስ ነበር፤ አሁን ባለ 6 ሆኗል። በእኛ ጠረጴዛ ግን ስድቡ ሰምና ወርቅ ከሌለው ዳይስ አይነካም። ባለፈው ጨዋታ አንድ ግዙፍ ፍጡር መሐላውን በላ። አዝማሪያችን ብድግ አለና፦

ጣናን አልፈህ ሄድክ ከውሃው ሳትነካካ፣
ዛሬ ገና ገባኝ፣ አባይ ነህ ለካ።

ባለ 6ቱን ሁለቴ አስጣልኩት። ደንቡ አይፈቅድም፤ ይሁን ብያለሁ።

ቅሬታዬ ገጸ ባህርይ አፈጣጠሩ ላይ ነው። አዲሱ መጽሐፍ 16 የቀድሞ ሕይወቶች አሉት፦ ገበሬ፣ ባሕታዊ፣ ጸሐፊ፣ መርከበኛ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ከፍ የሚያደርጋቸው ሦስት ችሎታዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ጓደኛችን ከደሴት ገዳም የወጣ የብራና ጸሐፊ ፈጠረ፤ ቆዳ ሲወጥር ክንዱ የፈረጠመ። መጽሐፉ ግን ለጸሐፊ ጉልበት አይጨምርም። ቅልጥፍና፣ እውቀትና ጥበብ፣ በቃ። ብራና ሲዘጋጅ ያየ ሰው ይህን አይጽፍም ነበር። መርከበኛ ደግሞ የመጠጥ ቤት ድብድብ ችሎታ ይሰጠዋል። እኔ የማውቃቸው ባለ ታንኳዎች ሰላምታ እንኳ በቁጥር ነው የሚሰጡ።

ይህን እንኳ አጫዋቹ ያስተካክለዋል። ያናደደኝ ሌላ ነው። በ2014ቱ በየቀድሞ ሕይወቱ ሥር ሠንጠረዥ ነበር፦ 8 የጠባይ መስመሮች፣ 6 እምነቶች፣ 6 የፍቅር ገመዶች፣ 6 ድክመቶች። ዳይስ ትጥላለህ፣ ሰው ይወጣል። አዲሱ እነዚያን አንስቷቸዋል። ስለዚህ አሮጌውን መጽሐፍ አልጣልኩትም። ለጸሐፊው ድክመት ስንፈልግ ሠንጠረዡን አየንና የራሳችንን ጨመርን፦ የጻፈውን ለማንም አያውስም። ከዚህች አንዲት መስመር ሦስት ቅዳሜ ወጣ። ንጉሡ መጽሐፉን ለመነው፣ እምቢ አለ፣ ታሰረ፣ እኛም ልናስፈታው ሄድን። ዱላው ይህን ሁሉ አልሰጠንም።

«ድራጎን» የተባለው የጨዋታው መጽሔት የሚናፍቀኝም በዚህ ነው። ከ1976 እስከ 2007 በወረቀት ታትሟል፤ እኔ ስድስት ቅጂ አለኝ። «ሴጅ አድቫይስ» በሚለው ዓምዱ አንባቢ ስለ ደንብ ይጠይቃል፣ መልስ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ጥያቄ ጤፍ ለቀማ ነው። ግን ከጥያቄው ጀርባ ቅዳሜ ማታ የተጣሉ ጓደኛሞች ይታዩኛል። አዲሱ መጽሐፍ ጥርት ያለ ነው፤ የሰው ድምፅ ግን አልሰማበትም።

ልግዛው ወይ ለሚለኝ፦ የ2014ቱ ካለህ አትቸኩል። ጀማሪ ከሆንክ ደግሞ መሠረታዊ ደንቦቹ ከ2023 ጀምሮ በነፃ ፈቃድ ተለቀዋል፤ በእነሱ ጀምር። መተርጎምም ይፈቀዳል። እኛ አራት ገጽ በአማርኛ አዘጋጅተናል። ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን መውሰድን «ደርበህ ጣል» እንለዋለን።

የእኔው ቅጂ ወገቡ ተሰብሯል። የገጸ ባህርይ ቅጹን ላባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት፤ ልጁ ማሽኑ ላይ ዘርግቶ በክንዱ ተጫነው። ቀጭ ሲል ሰማሁ። አሁን በፕላስተር ተይዞ ከአሮጌው ጎን ተቀምጧል፤ እንደ ጸሐፊያችን እኔም ለማንም አላውስም።