ቀረሶ፣ ጠላ እና ፊልም፦ ጣና ዳር ባለች የሴቶች ግሮሰሪ

ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ የሚጠብስ ቤት ሞልቷል፤ ለዓሣ ብቻ ከሆነ ሐይቁ ዳር ያገኛችሁት ቤት ግቡ። እኔን የወሰደኝ ወሬው ነው። ጥቂት ሴቶች በዕቁብ ብር ግሮሰሪ ከፍተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም ያሳያሉ፣ ከፊልሙ በኋላም ስለ ሴት ልጅ ኑሮ ያለ ይሉኝታ ይወራል ተባልኩ። ስሟን አልጽፍም። ባለቤቶቹ «የሚያውቀን ይበቃናል» ብለውኛል፤ ለምን እንዳሉ ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

«የፊልም ምሽት» ትባላለች እንጂ የምትጀምረው ቀን 10 ሰዓት ላይ ነው። ጨለማውን የሚሠሩት በወፍራም መጋረጃ ነው። ሁሉም ሳይመሽባት ቤቷ እንድትገባ ታስቦ ነውና በዚህ አልቀልድም፤ ቢመሽ ኖሮ ግማሾቻችን አንመጣም ነበር።

ወንድ አይከለከልም፣ ግን የጋበዘችው ሴት ያስፈልጋል። አንዱ ጎልማሳ በር ላይ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው» ብሎ ሲያጉረመርም አስተናጋጇ ምንም አልመለሰችለትም፤ በአገጯ ብቻ ወደ ሐይቁ፣ ሴት ወደማትገባበት ወደ ክብራን ገብርኤል ጠቆመችው። ስቆ ተመለሰ።

ወደ ማዕዱ። ቀረሶው ሙሉውን ነው የሚጠበሰው፤ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ፣ ሥጋው ግን ሳይደርቅ። ከዳጣና ከሎሚ ጋር ይቀርባል፤ እንጀራውም የዕለት ነው። ችግሩ እሾሁ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ሙሉ ዓሣ ማዘዝ ጉሮሮን መፈታተን ስለሆነ፣ አስተናጋጇ ቀድማ «እታለም፣ ጉላሽ ላድርግልሽ?» ትላለች። እሺ በሏት፤ ጉላሹ ላይ እሾህ አላገኘሁም፣ ቲማቲሙም በደንብ በስሏል። የዓሣ ዱለቱን ግን አልመክርም። ሚጥሚጣው በዝቶ የምበላው ዓሣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቅቶኝ ነበር። ሽሮዋ ደህና ናት።

ጠላው ለብቻው ይወራለት። ጋኑ በወይራ መታጠኑ ገና ከንፈር ላይ ያስታውቃል፤ ጠቆር ያለ፣ ጌሾው ልክ የሆነ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ በራሱ የሚጠራ ነው። እዚህ አገር ብቅል የምታበቅለው፣ አሻሮ የምትቆላው፣ ጌሾ የምትወቅጠው ሴት ናት፤ ተቀምጣ ስትጠጣ ከታየች ግን ስም ይወጣላታል። አጠገቤ የነበረችው ነርስ ከሥራ ወጥታ ለብቻዋ መጥታለች። ብርጭቆዋን ይዛ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ አየች፤ ማንም ዞሮ አላያትም። ለዚህ ብቻ ብዬ ተመልሼ እሄዳለሁ።

የዕለቱ ፊልም «ድፍረት» ነበር። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ልጅቷ በነፃ ተለቃለች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። የዱሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ይተወው እንደነበር አንዷ የሕግ ተማሪ ስታስረዳ፣ ከኋላ አንዲት እናት «እኔስ እንዴት ነው ያገባሁት?» አሉ። ማንም ማይክ አልሰጣቸውም፣ እሳቸውም አልፈለጉም፤ ሩብ ሰዓት ያህል አወሩ። ፊልሙን ረስቼ እሳቸውን ሰማሁ።

ከዚያ ወሬው ማንም ባላሰበው መንገድ ታጠፈ። አንዲት ወጣት ስለ ወለተ ጴጥሮስ አነሣች፤ የሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ ስለተቃወመችው፣ በጣና ዙሪያ ማኅበር ስለመሠረተችው፣ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር እስከ ዕለተ ሞቷ ስለኖረችው መነኩሲት። ገድሏ በ1672 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም በሴቶች መካከል ያለ ፍቅር እንዳለበት አድርጎ በማቅረቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ተቆጥተው ጽፈዋል። ልጅቷ «እኛ ራሳችን ለምን አንነጋገርበትም?» ስትል ቤቱ ፀጥ አለ። ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት «እኔ ገድሏን የማነበው ለጸሎት ነው፣ አደራ» አሏት። ሌላዋ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 629 አስታወሰች፤ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ግንኙነት ያሳስራል። ልጅቷ ድምፅዋን ሳትጨምር ማንም ስለማንነቱ መፍራት የለበትም አለች። አልተስማሙም። ግን አንድም ሰው ተነሥቶ አልወጣም፣ አንድም ሰው አልተሰደበም፤ ከሌላ ቦታ ወሬ ጋር ሳስተያየው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቤቱን ስም የደበቅኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ቅሬታዬ። ሂሳብ ልከፍል ስነሣ ወጥ ቤቱን አየሁት። አብሳይዋ ከምድጃው አልተነሡም። «ፊልሙን አዩት?» ብላቸው «ድምፁን ሰማሁ እንጂ፤ ተኩሱ ላይ ዘይት ፈነጠቀብኝ» አሉ። ሁለቱ ዕቃ አጣቢዎችም እንዲሁ። ለሴቶች በተከፈተ ቤት፣ ስለ ሴቶች በተሠራ ፊልም ሰዓት፣ ሦስት ሴቶች ከግድግዳ ጀርባ ሽንኩርት ሲከትፉ ከዋሉ ነገሩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ምድጃው 10 ሰዓት ላይ ይጥፋ፤ የራበው ቀድሞ ይብላ፣ ያልደረሰበት ቆሎና ጠላ ይበቃዋል። ለባለቤቶቹ ነገርኳቸው። አንደኛዋ «የቅዳሜ ገቢያችን ግማሹ እሱ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ እኔም ሐሳቤን አልለወጥኩም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፣ ያኔ ሙሉ ቀረሶ በብርሃን ይበላል። በቴሌብር ይቀበላሉ። ዋጋው ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በጣም ያንሳል። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ስትወጡ ባጃጅ በር ላይ አትጠብቁ፤ እስከ ዋናው አስፋልት በቡድን መሄድ ይሻላል፣ ሁልጊዜም የሚሸኝ ይገኛል።