ሞሆንክ፦ አውጫጭኝ በሆቴል

ሞሆንክ ማውንቴን ሃውስ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ኒው ፓልትዝ አጠገብ፣ ተራራ ላይ ካለ ሐይቅ ዳር የተሠራ ሆቴል ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። «የግድያ እንቆቅልሽ ቅዳሜና እሑድ» የተባለውን ጨዋታ የጀመረው ደግሞ በ1977 ሲሆን፣ በዚህ ጨዋታ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ለማያውቀው፣ ነገሩ አውጫጭኝ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ይጠያየቃል። አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ማታ ተዋንያን ከእንግዶች ጋር ይቀላቀላሉ፤ አንዱ «ይገደላል»። ቅዳሜ ተጠርጣሪዎቹ ይጠየቃሉ፣ እሑድ እያንዳንዱ ቡድን ገዳዩ እገሌ ነው ብሎ ይቆማል። ከአገር ቤቱ የሚለየው አጥር ውስጥ የሚታገት አለመኖሩና በቀን ሦስት ጊዜ መበላቱ ነው። ምግቡ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ነው፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም።

እንደ ቲያትር ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ብሩ ባከነ። የተከፈለበትን የሚያወጣው የቅዳሜው ጥያቄ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝግጅት ይፈልጋል። አንድ ገጽ ላይ ሰንጠረዥ ይሠመር፦ ወደ ታች ሰዓቱ በየ15 ደቂቃው፣ ወደ ጎን የተጠርጣሪዎቹ ስም። በየሳጥኑ የሚጻፈው የት ነበርኩ እንዳለና ማን እንዳየው ብቻ ነው፤ «2:15፣ ወጥ ቤት፣ ያየው የለም»። ባዶ የቀረ ሳጥን ካለ ቀጣዩ ጥያቄ እሱ ነው። ሰዓት በአበሻ አቆጣጠር የሚጽፍ ሰው ቡድኑ ውስጥ ፈረንጅ ካለ ይጠንቀቅ፤ 6 ሰዓት የተዛባ ሰንጠረዥ ንጹሑን ያሰቅላል።

ጥንድ ጥንድ ሆኖ መከፋፈል ይሻላል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። «አንተ ነህ የገደልከው?» ማለት ዋጋ የለውም። «ጩኸቱ ሲሰማ ከማን ጋር ነበርክ? በየትኛው በር ወጣህ?» ይባል፤ ያንኑ ደግሞ ሌላው ጥንድ አብራው ነበረች የተባለችውን ይጠይቃት። በብዙ እንቆቅልሾች መዋሸት የሚፈቀደው ለገዳዩ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ይደብቃሉ እንጂ አይዋሹም። ይህ ደንብ እዚህም ይሠራ እንደሆነ ዓርብ ማታውኑ አስተናባሪውን መጠየቅ ነው፤ ካልሠራ ሁለት ቃል የተለያየበት ሳጥን ገዳዩን አያጋልጥም።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ምክንያት ሲያሳድድ ነው። ቂም፣ ውርስ፣ ቅናት፣ ደራሲው ሆን ብሎ ለሁሉም አድሏል። የሚለየው በዚያች ደቂቃ እዚያ መድረስ የሚችለው ማን ነው የሚለው ነው። ዓርብ አርፍዶ የደረሰም ይቸገራል፤ ከግድያው በፊት ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ያላየ ሰው ቅዳሜን ሌሎችን ሲጠይቅ ይውላል። ኒውዮርክ ካለው የፖርት ኦቶሪቲ አውቶቡስ ጣቢያ ወደ ኒው ፓልትዝ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ የዓርብ ከሰዓት መንገድ ስለሚጨናነቅ የጠዋቱን መያዝ ነው። የተገኘ ፍንጭ ኪስ አይከተትም፤ ፎቶ አንስቶ እዚያው መተው ነው፣ ሌላውም ከፍሎ ነው የመጣው።

ሐይቁን ዞሮ ማየት የሚፈልግ አንድ ሌሊት ይጨምር፤ ቅዳሜ ለዚያ ጊዜ የለም። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው መልስ ሌላ ለሚያስቀው አቀራረብም ሽልማት አለ። ቅዳሜ ማታ ግራ ገብቶት አገር የሰጠ ቡድን ካለ፣ መፋጠጡን ትቶ ድራማውን ይለማመድ።