ያገለገለ ፒንግ ወይስ አዲስ “የርቀት” አይረን? ሱሉልታ ላይ ሆኖ ለሚመርጥ

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው በአንድ ጥያቄ ነው። “ጎልፍ ልጀምር ነው፣ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ እየመጣ ነው፣ የትኛውን አይረን ላስመጣ?” አንዱን አስረድቼ ስዘጋ ሌላው ይደውላል። እናም አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለማያውቅ፣ አይረን ማለት ጭንቅላቱ ብረት የሆነ፣ በቁጥር እየተለየ በስብስብ የሚሸጥ የጎልፍ ዱላ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ያገለገለ፣ ጀርባው የተቦረቦረ፣ የብረት ሻፍት (ዘንግ) ያለው ፒንግ የሚባል ኩባንያ አይረን አስመጡ። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል።

የማወዳድረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፒንግ ጂ25 ወይም የዚያ ዘመን ወንድሞቹ፣ ያገለገለ። ሁለተኛው ውስጡ ክፍት ሆኖ ፊቱ የሳሳ፣ “ርቀት ይጨምራል” ተብሎ የሚሸጥ አዲስ አይረን፤ የቴይለርሜዱ ፒ790 ዓይነት። ሦስተኛው ኦንላይን ላይ “አዲስ፣ ኦርጅናል፣ 250 ዶላር” የሚባለው ነው። ይሄኛው ከነጭራሹ ንጽጽር ውስጥ መግባት አልነበረበትም፤ ግን ሰው እየገዛው ነው።

ከዋጋው እንጀምር፣ ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው እሱን ነውና። አዲሱ ፒ790 ሰባት ዱላ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ 1,400 ዶላር አካባቢ ነው። ጂ25 እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ስለሆነ ያገለገለው 300 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ ታግሶ ለሚፈልግ ከዚያም በታች። ልዩነቱ 1,100 ዶላር ነው። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ይህ ልዩነት በባንክ ዋጋ 63,000 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 110,000 ብርን አለፈ። የዛሬውን እናንተው አባዙት፤ እኔ ባባዛሁት ቁጥር ያመኛል።

ሌላም ወጪ አለ። ሰባት አይረን ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዘመድ ሻንጣ ላይ ሦስት ኪሎ መለመን ማለት ከሕፃናት ልብስ፣ ከቫይታሚንና ከእናትየው ጫማ ጋር መፎካከር ማለት ነው። ስለዚህ ሦስትና አራት ቁጥርን እርሷቸው። ጀማሪ አያነሣቸውም፣ የሚችለውም ሰው ቢሆን አሁን በነሱ ፈንታ ሃይብሪድ (ጭንቅላቱ ወፈር ያለ፣ ለመምታት የሚቀል ዱላ) ነው የሚይዘው። ከአምስት ቁጥር እስከ ፒቺንግ ዌጅ (ከዘጠኝ ቁጥር ቀጥሎ ያለው አጭር ዱላ) ይበቃል። ሻጮች ረዣዥሞቹን የሚጨምሩት ስብስቡ ትልቅ መስሎ እንዲታይ ነው።

አሁን “ርቀት” ወደሚባለው ነገር ልምጣ። አዲሶቹ ርቀት የሚጨምሩት የሳሳው ፊታቸው ስለሚያግዝ ብቻ አይደለም፤ ሎፍታቸው፣ ማለትም ፊታቸው ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ ስለተቀነሰም ነው። የድሮው ሰባት ቁጥር 34፣ 35 ዲግሪ ነበር። የዛሬው 30 ነው፣ አንዳንዱ 28። የድሮውን ስድስት ወይም አምስት ቁጥር ወስደው 7 ጻፉበት ማለት ነው። ጂ25ም ከድሮዎቹ ትንሽ ቀንሷል፣ ግን እንደ አሁኖቹ አላበደም።

እኛ ደግሞ ያለነው የት ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከአዲስ አበባም ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 150 ሜትር የሚሄድ ኳስ እዚህ 163፣ 165 ሜትር ይሄዳል። አትሌቶቻችን ለሳንባቸው ብለው የሚሮጡበት አየር ለኛ ኳስ ርቀት በነጻ ይጨምራል፤ በነጻ ለተሰጠን ነገር 1,100 ዶላር የምንከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። በዚያ ላይ በስስ አየር ኳሱን በሽክርክሪቱ ወደ ላይ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል። ሎፍቱ በተቀነሰ ዱላ ስትመቱ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሄድና ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ላይ አርፎ አይቆምም፣ ተንከባሎ ከኋላ ይወጣል። እኛ የሚያስፈልገን ኳሱን ከፍ አድርጎ የሚያወጣ ዱላ ነው።

ፒንግን የምወደውም በዚህ ነው። መሥራቹ ካርስተን ሶልሃይም ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ጋራዡ ውስጥ ፓተር (ኳሱን ወደ ቀዳዳው የሚያንከባልሉበት ዱላ) እየሠራ ነው የጀመረው። ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነው፦ የጭንቅላቱን ክብደት ከመሀል አንሥቶ ወደ ዳር ዳሩ መውሰድ። ያኔ ኳሱን ከመሀል ሳታችሁ ብትመቱት እንኳ ጭንቅላቱ ብዙ አይጠመዘዝም፣ ኳሱም ብዙ አይጎድልበትም። እኛ ደግሞ መሀሉን የምንስት ሰዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን የፒንግ አይ 2 አይረን ዛሬም ይዘው የሚጫወቱ አሉ። ከ40 ዓመት በላይ!

ድክመቱን አልደብቅም። የሱሉልታ መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እንደ አስፋልት ይጠነክራል። የጂ25 ሶል (የጭንቅላቱ ታች) ሰፋ ያለ ነው። ጭቃ ላይ ይሄ በረከት ነው፣ ዱላው አይሰምጥም። በጋ ላይ ግን መሬቱ ያነጥረዋል፣ ኳሱንም ወገቡ ላይ ይመታዋል። ከጥር በኋላ ኳሱን ትንሽ ወደ ቀኝ እግር አስጠግቶ መምታት ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይፈታውም። ፒ790 ሶሉ ጠበብ ስለሚል በዚህ በኩል ይሻላል። ነጥቡን ሰጥቻለሁ።

ነጥቡ ግን ዱላው እስኪሰበር ድረስ ነው። አንድ ጓደኛዬ ውስጡ ፎም የተሞላ አዲስ አይረን ነበረው። ሣር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ መታና የስድስት ቁጥሩ ሻፍት ከአንገቱ ላይ ተሰበረ። እዚህ የጎልፍ ዱላ የሚጠግን ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ በርና መስኮት ወደሚሠራ በያጅ ወሰደው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ የግቢዬን በር የሠራው እሱ ነው፤ ግን ኤሌክትሮዱ እንደነካው ኒኬሉ ሰማያዊ ሆኖ አበጠ፣ ጫፉ ላይ ካለችው ትንሽ ብሎን ሥር ደግሞ ቡናማ ነገር እየተንተከተከ ወጣ። ፎሙ ነው። ሽታው እስከ ማታ ከሱቁ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ ስድስት ቁጥሩ ሲወዛወዝ ውስጡ ይንኳኳል።

አንድ ወጥ የሆነ የብረት ጭንቅላት ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። አንገቱን በእሳት አሙቃችሁ የተሰበረውን ታወጣላችሁ፣ ቀዳዳውን ትጠርጋላችሁ፣ ሌላ ሻፍት በባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ ትተክላላችሁ፣ ለነገ ይደርሳል። ብየዳ አያስፈልግም። እባካችሁ የጎልፍ ዱላ አታስበይዱ።

የካርቦን ሻፍት ያለውስ? ቀላል ነው፣ እጅም አያነዝርም። ክርናቸውን ለሚያማቸውና በዕድሜ ለገፉ ሰዎች እሱን እመርጣለሁ፤ ለአባቴ ብገዛ እሱን ነው የምገዛው። ግን ይወደዳል፣ ቡርሳ ውስጥ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ሲላጥ ደግሞ አያስተማምንም። ለቀረነው ብረት ይበቃናል። ሻፍቱ ላይ ‘ስቲፍ’ የሚል ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ርካሽ ሆኖ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ በኃይል ለማይወዛወዝ ሰው ደግሞ ድርቅ ያለ እንጨት ነው። ‘ሬጉላር’ የሚለውን ፈልጉ።

ወደ 250 ዶላሩ ልመለስ። 1,400 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፣ ያውም አዲስ፣ በዚህ ዋጋ አይሸጥም። ፎርጅድ ነው። የጎረቤቴ ልጅ አንዱን ገዝቶ አይቼዋለሁ፤ ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ስትሉ ፊደሎቹ ውስጥ ያለው ቀለም ከመስመሩ ወጥቷል፣ ሻፍቱ ላይ ያለው ስቲከር በጥፍር ይነሣል፣ ጭንቅላቱና ሻፍቱ የሚገናኙበት ጥቁር ቀለበት ክፍተት አለው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሚዛኑ ነው። ስምንት ቁጥሩን ከሰባቱ ጋር የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው ስምንቱ ቀለለ። ቁጥሩ ሲጨምር ዱላው ያጥራል፣ ጭንቅላቱ ይከብዳል፤ ስምንት ከሰባት ከቀለለ የሠራው ሰው ጎልፍ አያውቅም። ማግኔትም ሞክሩ፣ የዚንክ ቅይጥ ከሆነ አይስበውም። ግን ማግኔት ብቻውን አያድናችሁም፤ ጥሩ ኮፒዎች ብረታቸው ብረት ነው።

ፒንግ ላይ ይሄ ጣጣ ይቀንሳል፤ ዱላዎቹ አንገት ላይ የሴሪ ቁጥር አለ። የስብስቡ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀመ ነው። አንገቱ አጠገብ ደግሞ ባለ ቀለም ነጥብ አለ። ጥቁር መደበኛ ነው፣ ሰማያዊ ዱላው ቀና ያለ ነው፣ ቀይ ደግሞ ጋደል ያለ። ጫማ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ከእጅ አንጓችሁ እስከ መሬት በሜትር አስለኩ፤ ከቁመታችሁ ጋር የፒንግ ሰንጠረዥ ላይ ስታዩት የነጥባችሁን ቀለም ታገኛላችሁ። እዚህ ዱላ የሚያጎብጥ ማሽን ማግኘት ስለሚከብድ ነጥቡን መሳት ማለት በተሳሳተ ዱላ ዕድሜ ልክ መጫወት ነው።

ጥሩ ተጫዋች ከሆናችሁ፣ መሀሉን ከአሥር ስምንቴ የምታገኙ ከሆነ፣ ምክሬን ተዉትና ሂሮሺማ ውስጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራውን ሚዙኖ ግዙ። ለስላሳ ካርቦን ብረት ነው፣ ሲመታ እጅ ላይ የሚተወው ስሜት ሌላ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ሰው እኔን ደውሎ አይጠይቅም።

ለዘመዳችሁ ይህን ጽፋችሁ ላኩለት። ፎቶ ሲጠይቅ የሰባት ቁጥሩንና የፒቺንግ ዌጁን ፊት በቅርብ ያስነሣ፤ ሰው ልምምድ ላይ የሚጨርሰው እነሱን ነው። መሀል ላይ ያሉት መስመሮች ተፍቀው ከጠፉ ይለፈው። አምስት ቁጥሩ አዲስ መስሎ ቢታይ አይደነቅ፣ የማንም አምስት ቁጥር እንዲያ ነው። ግሪፑ (የእጅ መያዣው ላስቲክ) ቢደርቅና ቢሰነጠቅ ችግር የለም፣ ይልቅ ዋጋ ያስቀንስበት። አዲስ ግሪፕ አንዱ 8 ዶላር ቢሆን ለስድስቱ 48 ነው፣ ክብደትም የለውም። እዚህ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ትጠቀልላላችሁ፣ ከቀለም ቤት አኳራጅ ገዝታችሁ ታርሱታላችሁ፣ ግሪፑን በአንድ ትንፋሽ ትገፉታላችሁ። መሀል ላይ ካቆማችሁ ይነክሳል፣ ከዚያ በምላጭ ቀዳችሁ 8 ዶላራችሁን መጣል ነው።