ኤልኤፍፒ ወይስ ኤንኤምሲ? የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሲመረጥ

ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ሆኗል። ለእኔ ግን የባትሪው ዓይነት ይቀድማል፦ ኤንኤምሲ ነው ወይስ ኤልኤፍፒ?

ኤንኤምሲ የሚሠራው በኒኬል፣ በማንጋኒዝና በኮባልት ነው። በእኩል ክብደት ብዙ ኃይል ስለሚይዝ በርቀት ያሸንፋል። ኮባልቱ ግን ውድ ነው፤ አብዛኛው የሚወጣው ከዲሞክራቲክ ኮንጎ ነው።

ኤልኤፍፒ ብረትና ፎስፌት ነው። ከበድ ይላል፤ ግን ይረክሳል፣ ሲግልም በቀላሉ አይቀጣጠልም። ደጋግሞ ቻርጅ ቢደረግም ቶሎ አይደክምም። የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ በ2020 ያወጣው ብሌድ ባትሪ የዚህ ወገን ነው። ኤንኤምሲን በየቀኑ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ማቆም ይመከራል። ኤልኤፍፒን ግን 100 መሙላት ይቻላል። እንዲያውም አልፎ አልፎ ካልሞላ፣ ስንት በመቶ እንደቀረ የሚያሳየው ቁጥር ይሳሳታል። ጠላቱ ብርድ ነው፤ ከዜሮ በታች ሲሆን አቅሙ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ብዙም አያሳስብም፣ የሐምሌን ብርድ ብናማርርም።

ለከተማ ምልልስ ያለ ማመንታት ኤልኤፍፒ እላለሁ። ሥራዎ ሐዋሳና ደሴ የሚያመላልስ ከሆነ ግን፣ ቻርጅ ማድረጊያ በየመንገዱ እስኪበዛ ድረስ ኤንኤምሲ ይሻላል።