ሮቦት አይጧ በደሴ ወለል ላይ፦ ለትንንሾች ኮዲንግ ማስጀመሪያ

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ልጅ ከቤት አያስወጣም። ለዚህ ወቅት የሚሆን፣ ስልክና ታብሌት የማያስነካ የኮዲንግ፣ ማለትም ለማሽን ትዕዛዝ በተራ የመስጠት፣ መጀመሪያ ለሚፈልግ ወላጅ «ኮድ ኤንድ ጎ ሮቦት ማውስ» የተባለችው በቁልፍ የምትታዘዝ የአሻንጉሊት አይጥ ጥሩ ዕቃ ናት። የሚሠራት ለርኒንግ ሪሶርስስ የተባለ ኩባንያ ነው። ትዕዛዞቿ ቀስት ስለሆኑ ፊደል ያልቆጠረ ልጅም ይጫወትባታል። ከ4 ዓመት ተኩል እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ ትመቻለች፤ ከዚያ በላይ ላለው ቶሎ ትሰለቸዋለች።

ሙሉው ካርቶን 83 ዕቃ ይይዛል፦ አንድ አይጥ፣ አንድ የፕላስቲክ አይብ፣ እርስ በርስ ተሰካክተው የመጫወቻ ሜዳ የሚሆኑ 16 ካሬዎች፣ 22 ግድግዳዎች፣ 3 መሿለኪያዎች፣ 30 የቀስት ካርዶችና 10 የመንገድ ንድፍ ካርዶች። ከአዲስ አበባ አስመጥታችሁም ሆነ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞላችሁ፣ ተከፍቶ የነበረ ካርቶን ከሆነ ቁጠሩት። ካርድ ቢጎድል ከካርቶን ቆርጦ መተካት ቀላል ነው፤ ካሬ ከጎደለ ግን ሜዳው ይቀደዳል። ለብቻዋ የምትሸጥ ሰማያዊ አይጥም አለች፤ እሷን የገዛ ሜዳውን ራሱ ይሥራ። አይቡ ደግሞ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ የእኛን ነጭ አይብ ለሚያውቅ ልጅ ምንም አይመስለውም። በቦታው እፍኝ ቆሎ አስቀምጡ፤ አይጥ ቆሎ ፍለጋ መሄዷ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሠራሯ ቀላል ነው። ጀርባዋ ላይ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ቀኝና ግራ ቁልፎች አሉ። ልጁ ትዕዛዙን በተራ ይጫንና መሀል ያለውን አረንጓዴ ሲነካ ትሄዳለች። አንድ እርምጃ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ዙር 90 ዲግሪ ነው። እስከ 40 ትዕዛዝ ትይዛለች፤ ለጀማሪ ግን ከ4 አይለፍ። ሁለት ፍጥነት አላት፤ ካሬው ላይ ዝግተኛውን ተጠቀሙ።

ልጅ ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ አንድ ነው። ቆሎው አንድ ካሬ ወደፊት፣ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ተቀምጧል። ልጁ «ወደፊት» እና «ቀኝ» ብሎ ይለቃታል። አይጧ አንድ ካሬ ትሄዳለች፣ ባለችበት ፊቷን ታዞራለች፣ ትቆማለች። «ተበላሸች!» ይላል። አልተበላሸችም፤ «ቀኝ» ማለት ዙሪ እንጂ ሂጂ አይደለም፤ ሦስተኛ ካርድ፣ «ወደፊት»፣ ጎድሏል። ይህን በአፍ ከማስረዳት ልጁን ራሱን አይጥ ማድረግ ይሻላል። ወለል ላይ አቁሙትና «ቀኝ ዙር» በሉት፤ እግሩ ካሬውን ከለቀቀ ተሳስቷል። ሌላው ጣጣ አይጧ ወደ ልጁ ስትመጣ ቀኝና ግራው መገልበጡ ነው። ተነስቶ ከኋላዋ ይቁም፤ እሷ በምታይበት አቅጣጫ ይይ።

የቀስት ካርዶቹን ችላ የሚል ወላጅ የዕቃውን ግማሽ ጥሏል። አይጧ የያዘችውን ትዕዛዝ አታሳይም፤ መሀል ላይ ያለውን አንዱን ብቻ ማስተካከልም አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ካርዶቹ ወለሉ ላይ ይደርደሩ፣ ከዚያ ልጁ እያየ ይጫን። ስትሄድ ጣቱን ከካርድ ካርድ ያንቀሳቅስ፤ የሳተችበት ላይ ጣቱ ይቆማል። ያንን ካርድ ብቻ ይቀይርና ሁሉንም እንደገና ያስገባ። ከዚህ በፊት ግን የአሮጌውን ትዕዛዝ ማጥፊያ ቁልፍ ድምፅ እስክትሰጥ መጫን አለበት፤ ይህ ከተረሳ አዲሱ ትዕዛዝ በአሮጌው ላይ ይቀጠልና ባለ 3 የነበረው 7 ሆኖ አይጧ እንዳሻት ትዞራለች።

አሁን ወደ ወለሉ። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፤ ያረጀ ቤት ወለልም ብዙ ጊዜ ውሃ ልኩን አይጠብቅም። ብይ አስቀምጡ፤ ከተንከባለለ ቦታ ቀይሩ። ሊሾ ወለል ደህና ነው። ስጋጃ ላይ ካሬዎቹ መገጣጠሚያቸው ይነሳና ጎማዋ ይሰናከላል፤ ከሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፉ። አነሳሷም ልብ ይባል፤ በ5 ዲግሪ ብቻ ተዛንፋ ከተነሳች 50 ሳንቲ ሜትር ስትሄድ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ከመስመሯ ወጥታለች። ኮምቦልቻ ደግሞ በበጋ አቧራው ያስቸግራል፤ ፀጉርና ክር ጎማው ላይ ሲጠመጠም በወረንጦ አውጡ እንጂ ጎማውን በእጅ አታሽከርክሩ፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ይሰበራል።

የምትሠራው በ3 ቀጫጭን ድንጋይ ነው፣ ትሪፕል ኤ የሚባለው፤ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ክዳኑ በብሎን ስለታሰረ ትንሽ ካቻቢቴ አዘጋጁ። አልካላይን የሚል የተጻፈበትን ምረጡ፤ ርካሹ ሞተር ሲያንቀሳቅስ ቶሎ ይደክማል። ሲደክም አትቆምም፣ ይህ ነው አታላዩ፦ 90 ዲግሪ ሳይሞላላት ዙሯን ትጨርሳለች። አንደኛው ዙር ላይ ላይታይ ይችላል፣ ሦስተኛው ላይ ግድግዳ ትገጫለች፣ ልጁም ትክክል የደረደረውን ካርድ ማፍረስ ይጀምራል። ልጁን ከማረማችሁ በፊት ድንጋዩን ቀይሩ፤ ሦስቱንም በአንዴ፣ አዲስና አሮጌ ሳትቀላቅሉ።

16ቱ ካሬ ሲያልቅበት ፍሊፕ ቻርት ላይ ባለ 12.5 ሳንቲ ሜትር ካሬ አስምሩና በግልጽ የጠረጴዛ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ካሬዎቹ ላይ ፒያሳ፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ ይሳሉ። «ሆጤን ሳትረግጥ ሰኞ ገበያ አድርሳት» የሚለው ጥያቄ ከካርቶኑ 10 ካርዶች ይልቅ ልጁን ይይዘዋል። ለእንቅፋት ሲኒ ገልብጡ።

ቢ-ቦት ከምትባለው፣ የንብ ቅርጽ ካላት ተመሳሳይ ሮቦት ጋር ለሚያወዳድር፦ ንቧ 15 ሳንቲ ሜትር ትራመዳለች፣ አዲሷ በዩኤስቢ ቻርጅ ትደረጋለች፣ 200 ትዕዛዝ ትይዛለች። ብዙ ልጅ ለሚነካካው ኬጂ እሷ ትሻላለች፤ ለቤት አይጧ ትበቃለች። ሁለቱም ግን ድግግሞሽንና «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» የሚለውን አያስተምሩም። ልጁ 8 ካርድ ያለ ስህተት መደርደር ሲጀምር በነፃ ወደሚወርደው ስክራች ጁኒየር ወደተባለው የታብሌት ኮዲንግ መተግበሪያ ያሸጋግሩት፤ አይጧንም ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጧት፤ ካልወጣ ፈሶ መገናኛውን ይበላዋል።