የአንጎል ሞገድ የሚለካው የግንባር ማሰሪያ፦ አልፋን ጥሩ አድርጎ ያያል፣ ሐሳብን ግን አያይም

ግንባር ላይ የሚታሰር፣ የአንጎል ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ገዝቼ ስጠቀም ቆይቻለሁ። የአምራቹን ስም አልጠራም። ዋናው ቅሬታዬ ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው፤ እንደዚህ ያለ ነጥብ የሚሰጡ ሌሎች መሣሪያዎችም ስላሉ የምለው ለእነሱም ይሠራል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አራት ኤሌክትሮዶች (ቆዳ ላይ አርፈው የአንጎልን ሲግናል የሚይዙ) አሉት፤ ሁለቱ ግንባር ላይ፣ ሁለቱ ከጆሮ ጀርባ ያርፋሉ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ነው፣ ከዚያ አፑ ይመዘግባል፣ ሲያበቃ ከመቶ የሚታሰብ "የእርጋታ ነጥብ" ይሰጣል። እኔ የገዛሁት ግን ለነጥቡ አልነበረም። ሰው ምንም ሳይሠራ አረፍ ሲል ሳይጠራቸው የሚመጡ ሐሳቦች አሉ አይደል? ካንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ ካለፈው ወደሚመጣው እየወሰዱ፣ ጭልጥ አድርገው የሚሄዱት። እነዚያ ሲመጡ ሞገዱ ላይ ምን እንደሚታይ ማየት ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። አፑ ውስጥ ጥሬው ሞገድ በቀጥታ የሚታይበት ገጽ አለ፣ ከመሣሪያው ሁሉ ምርጡ ክፍል እሱ ነው። ዓይን ሲጨፈን በሰከንድ 10 ጊዜ አካባቢ የሚወዛወዝ ሞገድ ብቅ ይላል። ሲገለጥ ይጠፋል። ይህ አልፋ የሚባለው ነው፣ ከ8 እስከ 13 ሄርዝ። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው የና በምትባል ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው (ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያሳተመው ደግሞ በ1929። ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ በ1934 እንግሊዝ ውስጥ ኤድጋር ኤድሪያንና ማቲውስ ራሳቸው ሞክረው እስኪያረጋግጡት ድረስ። ያ የተጠራጠሩት ነገር ዛሬ ስልክ ላይ በግልጽ ሲታይ ልብ ያሞቃል፣ እውነቴን ነው። አልፋ ይበልጥ የሚጎላው ከጭንቅላት ኋላ በኩል ነው፣ ማሰሪያው እዚያ ኤሌክትሮድ የለውም፤ ቢሆንም ከጆሮ ጀርባ ያሉት ጥሩ አድርገው ይይዙታል። የፈተናውን ግማሽ በዚህ አልፏል።

ቆዳው ደረቅ ከሆነ ሲግናሉ ይበላሻል። ግንባርን በውኃ ትንሽ ማራስ ይረዳል። ጥርስ መንከስ፣ ዓይን ማርገብገብ፣ ቅንድብ ማንሳት ሁሉ ሞገዱ ላይ ይገባል፤ የአንጎል ሲግናል የራስ ቅልና ቆዳ አልፎ ሲመጣ በማይክሮቮልት የሚለካ ደካማ ነገር ስለሆነ ጡንቻ በቀላሉ ይውጠዋል። ይህ የየትኛውም ኢኢጂ (የአንጎልን ሞገድ ከጭንቅላት ላይ የሚለካ ዘዴ) ችግር ነው፣ በዚህ አልወቅሰውም።

ወደ ነጥቡ ልምጣ።

አፑ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አልፋ ከፍ ካለ ተረጋግታችኋል፣ ሐሳባችሁ ጸጥ ብሏል። ይህን ለመፈተን ስልኬ ላይ ባልጠበቅኩት ሰዓት የሚጮኽ ማንቂያ አደረግኩ። በጮኸ ቁጥር ከዚያ በፊት በነበሩት ሰከንዶች ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረውን በአንድ መስመር እጽፋለሁ። ዘዴው የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት 2,250 አዋቂዎችን በስልክ አፕ እንደዚሁ በድንገት እየጠየቁ፣ ከመልሶቹ 47 በመቶ ገደማ ላይ የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ነገር ውጭ ሆኖ አግኝተውታል። የኔን ማስታወሻ ከአፑ ሰንጠረዥ ጋር ሳስተያየው የእርጋታ ነጥቡ ጣሪያ የነካባቸው ቦታዎች ላይ ደጋግሞ የተጻፈው "ጸጥታ" አይደለም። በሐሳብ ነጉጄ የሄድኩበት ነው። የድሮ ጓደኛ ትዝ ብሎኝ፣ ከሱ ያልጨረስኩት ሥራ፣ ከሥራው ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ዕቅድ። መሣሪያው ይህን ሁሉ "ጸጥ ያለ አእምሮ" ብሎ መዝግቦታል።

የኔ ማስታወሻ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ሳይንሱም ለዚህ ነጥብ አይመሰክርም። በ2011 ብራቦሽና ዴሎርም ያሳተሙትን ጥናት ውሰዱ። ሰዎች ትንፋሻቸውን እየቆጠሩ ተቀመጡ፣ ሐሳባቸው እንደሄደ ሲነቁ ቁልፍ ተጫኑ። ሐሳባቸው በሄደበት ጊዜ ዴልታና ቴታ የሚባሉት ዘገምተኛ ሞገዶች ጨምረው፣ አልፋና ከእሱ የሚፈጥነው ቤታ ቀንሰው ተገኙ። ስለዚህ አልፋ ሲወርድ ሐሳብ ሄዷል ማለት ነው? ቸኩላችሁ አትወስኑ። በ2021 ጁሊያ ካምና ባልደረቦቿ ያወጡት ደግሞ ሐሳብ ካንዱ ወደ አንዱ በነጻነት ሲንሸራሸር ከግንባር በኩል ያለው አልፋ እንደሚጨምር አሳይቷል። በትክክል ማሰሪያው ኤሌክትሮድ ያሳረፈበት ቦታ!

ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላል። ለኔ ግን አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ የለኩት ነገር አንድ አይደለምና። ትንፋሽ ሲቆጠር ድብታ ይመጣል፣ ድብታ ሲመጣ ደግሞ አልፋ እየሟሸሸ ቴታ ይተካዋል፣ የእንቅልፍ ደጃፍ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በሌላ በኩል ሰው ነቅቶ ወደ ውስጥ ሲያስብ አልፋ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅና ምስል በሩን ገርበብ የሚያደርግለት ይመስላል፣ ብዙ ተመራማሪዎችም አልፋን የሚያዩት እንዲህ ነው። እንግዲህ አንድ ሞገድ ከፍ አለ ወይም ዝቅ አለ ተብሎ ሐሳብ አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም። ነቅተው ነው ወይስ እያንቀላፉ? ዓይን ተጨፍኗል? ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ተተክሏል ወይስ ይዘላል? እነዚህ ሳይታወቁ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የዚህ መሣሪያ አፕ አንዱንም አይጠይቅም። ጭራሽ እያንቀላፋሁ አንገቴ ዘንበል ያለበትን ሰዓት "ጥልቅ ተመስጦ" ብሎ ሸልሞኛል።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ከነጥቡ ጀርባ ያለው እምነት ነው። ያረፈ አንጎል ማለት ባዶ አንጎል ነው የሚል። አይደለም! አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል፣ አንድ ሥራ ላይ ስናተኩር ደግሞ በዚያ ላይ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ በታች ነው። ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ በ2001 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆነው ያሳዩት፣ ሥራ ስንጀምር ረገብ የሚሉ፣ ስናርፍ ግን ሞቅ የሚሉ የአንጎል ክፍሎች እንዳሉ ነው። ዲፎልት ሞድ ኔትወርክ ይባላሉ። ትዝታ፣ ነገን ማሰብ፣ ስለ ራስና ስለ ሌላ ሰው ማሰብ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው አረፍ ብሎ ሐሳብ ቢመጣበት አንጎሉ ሥራውን እየሠራ ነው፤ መሣሪያ ተነስቶ በዚህ ነጥብ ሊቀንስበት ወይም ሊጨምርለት አይገባም። የአፑ ማብራሪያ ይህን ኔትወርክ በስም ይጠቅሰዋል፣ ግን የኔትወርኩ ዋና ክፍሎች ያሉት የአንጎል ግራና ቀኝ ግማሾች በሚገናኙበት በመሀል በኩል ነው፣ የተገኙትም አንጎልን በምስል በሚያሳይ መሣሪያ ነው። አራት ኤሌክትሮድ እነሱን ለይቶ ማየት አይችልም።

በኢኢጂ ወደ ሐሳብ መጠጋት አይቻልም እያልኩ አይደለም። ዙሪክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ዲትሪክ ሌማን በዚህ መንገድ ሩቅ ሄዷል። ሰው አርፎ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሥርጭት ለ100 ሚሊሰከንድ ገደማ ባለበት ይቆይና ድንገት ወደ ሌላ ቅርጽ ይቀየራል። እነዚህን ቅርጾች ማይክሮስቴት ብሎ ጠራቸው፣ "የሐሳብ አተሞች" ሊሆኑ ይችላሉም አለ። በ1998 ባወጡት ሥራ እሱና ባልደረቦቹ ተሳታፊዎችን በድምፅ ምልክት እያስቆሙ አሁን ምን ታስቡ ነበር ብለው ሲጠይቁ፣ በምስል የሚያስቡና በረቂቅ ሐሳብ ላይ የነበሩ ሰዎች የመጨረሻ ማይክሮስቴታቸው ተለያይቶ ተገኝቷል። ለዚህ ግን መላ ጭንቅላት ላይ የተደረደሩ ብዙ ኤሌክትሮዶች ያስፈልጋሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውየውን መጠየቅ። ሞገዱ ብቻውን ምንም አልተናገረም።

አምራቹ እንዲያስተካክል የምፈልገው ይህን ነው። ነጥቡን አንሱትና በቦታው ጥያቄ አስገቡ፦ "አሁን ምን ታስቡ ነበር? እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏችኋል?" መልሱን ከሞገዱ ጎን አስቀምጡልን። ጥሬውን ዳታ ማውጣት በወር ክፍያ መሆኑም ይቅር፤ የገዛ ጭንቅላታችን ሞገድ ነው።

ለማን ይሆናል? ስለ አንጎል ለማስተማር፣ ለተማሪ፣ አልፋን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው በደስታ እመክራለሁ። ጭንቀት ኖሮበት በነጥቡ ራሱን ሊመዝን ላሰበ ሰው ግን አልመክርም፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ባየ ቁጥር ሌላ ጭንቀት ይጨምርበታል። እኔ የወር ክፍያውን አላደስኩም። ማሰሪያውን ግን አልሸጠውም፤ የቀጥታ ሞገዱ ገጽ ያለ ክፍያም ስለሚሠራ ከማንቂያውና ከማስታወሻዬ ጋር እየተጠቀምኩበት ነው።