ከኮምፒውተር ጋር ለመሽቀዳደም የትኛው የመኪና ጌም ይገዛ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ የመኪና ውድድር ጌም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ግራፊክሱን ከማየታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ኮምፒውተሩ የሚነዳቸው መኪኖች አነዳዳቸው እንዴት ነው? አብዛኛውን ጊዜ የምትወዳደሩት ከእነሱ ጋር ነዋ። ኦንላይን ገብቶ ከሰው ጋር መጫወት ደስ ይላል፤ ግን ሰርቨሩ ሩቅ ነው፣ ኔትዎርኩ መሀል ላይ ይንቀራፈፋል፣ እናንተ ፍሬን የያዛችሁበት ቦታና ሌላው ሰው እናንተን የሚያይበት ቦታ አይገጥምም፣ ሁለት ዙር ሲቀር መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። ከኮምፒውተር ጋር ከሆነ ግን ጨዋታውን አቁማችሁ ቡና ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ባላንጣውን ብቻ ነው።

ፈጣን ባላንጣ መሥራት ቀላል ነው። የመኪናውን ጉልበት ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው፣ አለቀ። ከባዱ ነገር አጠገቡ ሌላ መኪና እንዳለ የሚያውቅ፣ ቦታ የሚሰጥ፣ ቦታውንም የሚያስከብር፣ አንዳንዴም የሚሳሳት ሹፌር መሥራት ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁ ትረዱኛላችሁ፤ ኩርባው ላይ ጎበዝ የሚባለው ሹፌር ከኋላው የመጣውን በስፖኪዮ አይቶ፣ መቼ እንደሚያሳልፍና መቼ መስመሩን እንደሚይዝ የሚያውቀው ነው። ጌም ውስጥም የምፈልገው እሱን ነው። እንደ ኒድ ፎር ስፒድ ባሉት ጌሞች እናንተ ስትርቁ ባላንጣው በድንገት ይፈጥናል፣ ወደ ኋላ ስትቀሩ ደግሞ ይጠብቃችኋል። ለጨዋታ ያህል ጥሩ ነው። እውነተኛ ውድድር ለሚፈልግ ሰው ግን በደንብ መንዳታችሁ ዋጋ ያጣል፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

በፕሌይስቴሽን ልጀምር። ግራን ቱሪስሞ 7 እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የወጣው፣ ውስጡም ሁለት ዓይነት ሹፌር አለ። አንደኛው በዋናው የጨዋታ ጉዞ ውስጥ የምታገኙት የድሮው ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ ትነሳላችሁ፣ መሪው በጣም ርቆ ሄዷል፣ እናንተ አንድ በአንድ እየደረባችሁ ትሄዳላችሁ። እነሱ መስመራቸውን ይዘው ይጓዛሉ እንጂ አይታገሏችሁም። ቆመው ከሚጠብቁ መኪኖች ጋር መወዳደር ቶሎ ይሰለቻል።

ሁለተኛዋ ሶፊ ናት፣ እሷ ሌላ ናት። የሶኒ ተመራማሪዎች የሠሯት ደረቅ ትእዛዝ በመጻፍ አይደለም፤ ራሷ ደጋግማ እየነዳች፣ ጥሩ ስትነዳ ነጥብ እየተሰጣት፣ ስትጋጭ እየተቀነሰባት ተማረች። ከባዱ የነጥቡ ሚዛን ነበር። ቅጣቱ ሲላላ እየገፋች ታልፋለች፣ ሲጠብቅ ደግሞ ፈርታ መንገድ ትለቃለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ከዓለም ምርጥ የጌሙ ተጫዋቾች ጋር ገጥማ በቡድን ውጤት ተሸነፈች፣ በጥቅምት ተመልሳ አሸነፈች፤ ሥራው ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በ2022 ወጣ። ከሶፊ ጋር ስትነዱ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከኋላችሁ ተጠግታ መኪናችሁ ነፋሱን ሲሰብርላት ተጠቅማ ትፈጥናለች፣ ውስጡን ስትዘጉባት በውጭ ትሞክራለች፣ ጎን ለጎን ኩርባ ስትገቡ ቦታችሁን ትተውላችኋለች።

ታዲያ ለምን ሁሉም ይሄን አይገዛም? መጀመሪያ፣ ሶፊ የምትሠራው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ያላችሁ ጌሙን ታገኛላችሁ፣ እሷን አታገኙም። ሁለተኛው ይብሳል፤ ይህ ጌም ለአብዛኛው ክፍሉ ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ ብቻችሁን ስትጫወቱም ጭምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሰርቨሩ ለጥገና ከ30 ሰዓት በላይ ሲዘጋ በመላው ዓለም ያለ ሰው ገንዘብ የከፈለበትን ጌም አብዛኛውን ክፍል መጫወት አቃተው። እነሱ በአንድ አጋጣሚ የተቆጡበት ነገር እኛ ጋ ኔትዎርክ በጠፋ ቁጥር ይመጣል። ቤታችሁ የተረጋጋ ዋይፋይ ካለ ግዙት፣ ከሌለ ይቅርባችሁ።

ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። አሴቶ ኮርሳ የጣሊያኑ ኩኖስ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አለ፣ ብዙ ጊዜ በትልቅ ቅናሽ ይሸጣል፣ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የዚያው ድርጅት የ2019 ሥራ ነው፣ ጂቲ3 የሚባሉት የውድድር መኪኖች ላይ ያተኩራል፣ ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል።

ሁለቱን ለማወዳደር የጣሊያኑን የውድድር ትራክ ሞንዛን ክፈቱ። ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ረግጣችሁ ጨርሳችሁ የመጀመሪያው ጠባብ ኩርባ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ቀኝ ከዚያ ወዲያው ግራ። ከፊታችሁ ካለው ባላንጣ ዘግይታችሁ ፍሬን ይዛችሁ አፍንጫችሁን በቀኝ በኩል አስገቡ። አሮጌው አሴቶ ኮርሳ ላይ ያ መኪና አስቀድሞ የተቀዳለትን መስመር ነው የሚከተለው፤ አጠገቡ መሆናችሁን ዘግይቶ ያያል፣ ብዙ ጊዜም ታጥፎ በራችሁ ላይ ይገባል። ኮምፔቲዚዮኔ ላይ ግን በውጭ በኩል ይቆያል፣ አንድ መኪና የሚያህል ቦታ ይተዋል፣ ከዚያ ኩርባው ወደ ግራ ሲዞር እሱ ውስጥ እናንተ ውጭ ትሆናላችሁና ቦታውን መልሶ ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲገጥማችሁ ሰው የገጠማችሁ ይመስላል። ሁልጊዜ አይደለም፣ እሱም ከኋላ የሚገጭበት ጊዜ አለ። ግን ጎማው ሲሞቅበት ወይም ትራኩ ሲረጥብ ሲንሸራተት፣ ሰፋ አድርጎ ሲወጣ ታዩታላችሁ፣ ያኔ ቀዳዳውን ማግኘት የእናንተ ፋንታ ነው።

ለአሮጌው ፍትሐዊ ልሁን። ባላንጣዎቹ የሚነዱት እናንተ በምትነዱበት ፊዚክስ ነው (ጎማው መንገዱን እንዴት እንደሚይዝ፣ መኪናው እንዴት እንደሚሄድ የሚያሰላው የጌሙ ክፍል ማለቴ ነው)፣ በድብቅ ጉልበት አይጨመርላቸውም። ጎበዝ ሰዎች በነፃ የሠሩት ማሻሻያም አለ፣ አነዳዳቸውን በግልጽ ያሻሽለዋል። የላፕቶፕ አቅም ውስን ከሆነ አሁንም የምመርጠው እሱን ነው። የመኪናውን ቁጥር ግን ቀንሱ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ባላንጣ ፕሮሰሰሩ ላይ ሸክም ነው።

አሁን ወደምወደው። አውቶሞቢሊስታ 2 የብራዚሉ ሬይዛ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። ባላንጣዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ይሄ ነው ብርታቱ። ለእያንዳንዱ ሹፌር ባሕሪውን የሚወስን የጽሑፍ ፋይል ማዘጋጀት ይቻላል፤ የውድድር ችሎታ፣ ቁጣ፣ ቦታ መከላከል፣ ዝናብ ላይ ያለው ብቃት፣ ጎማ አያያዝ፣ ሲነሳ ያለው ንቃት፣ ስሕተት የመራቅ ልማድ፣ ሁሉም በየራሱ ቁጥር ነው የሚገባው። አንዱን መከላከል ላይ 0.9፣ ዝናብ ላይ 0.3 ብትሰጡት፣ የብራዚሉ ትራክ ኢንተርላጎስ ላይ በደረቁ ዙር በዙር ይዘጋባችኋል፣ ሲዘንብ ደግሞ ይደክማል። ስሙንም መቀየር ይቻላል፣ የሰፈር ጓደኞቻችሁን በሙሉ አሰልፋችሁ መወዳደር ነው። ደካማ ጎኑም ይነገር። የባላንጣዎቹ ፊዚክስ ከእናንተ የቀለለ ነው፣ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ እናንተ የምትንሸራተቱበትን እነሱ ተጣብቀው ያልፉታል፣ ይህ በተለይ ዝናብ ላይ ያበሳጫል።

ሬስሩም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሠረቱ በነፃ ነው፣ ጥቂት መኪናና ትራክ ይዞ። ፍጥነቱን ከእናንተ ሰዓት ጋር የሚያስተካክል ባላንጣ አለው፣ ለጀማሪ ጥሩ መሞከሪያ ነው። የኤፍ 1 ጌሞችን ፎርሙላ 1 ለሚከታተል እመክራለሁ፣ የባላንጣው ደረጃ ከ0 እስከ 110 ስለሚሄድ በጆይስቲክ የሚጫወት ሰውም ልኩን ያገኛል። አይሬሲንግ ጥሩ ባላንጣ ቢኖረውም በዶላር የሚታደስ ክፍያና ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ለእኛ አይመችም።

እንግዲህ በእኔ ሚዛን፣ ጠንካራ ኮምፒውተር ካላችሁና ጎን ለጎን መታገል ከወደዳችሁ ኮምፔቲዚዮኔ። የተለያየ መኪና፣ የተለያየ ባሕሪ ከፈለጋችሁ አውቶሞቢሊስታ 2። ኪስም ላፕቶፕም ከጠበበ አሮጌው አሴቶ ኮርሳ።

የትኛውንም ብትገዙ የባላንጣውን ደረጃ ዝም ብላችሁ ከፍ አታድርጉት። መጀመሪያ ብቻችሁን ንዱ፣ ሰዓታችሁ ከዙር ዙር መቀራረብ እስኪጀምር። ከዚያ አጭር ውድድር አድርጉና የባላንጣዎቹን ምርጥ ሰዓት ከእናንተ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ እስኪሆን ቁጥሩን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ከመጨረሻ ሳይሆን ከመሀል ተነሱ፣ ኋላ ያሉት የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ያለ ልክ ፍሬን ስለሚይዙ መጋጨት አይቀርም። ሞንዛ ላይ ልክ የሆነው ቁጥር ሌላ ትራክ ላይ ሊከብድ ወይም ሊቀል ስለሚችል፣ የየትራኩን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግባችሁ ያዙ።